10 ሳንቲ ሜትር ያላችሁት ሳጥን 9.4 ነው

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ

ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አንሶ ታትሞ ስለተላከልኝ የለምድና የተነፋነፍ ሱሪ ፓተርን

ጤና ይስጥልኝ።

ጅማ መርካቶ ልብስ እሰፋለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። ለየካቲት 23 የአድዋ በዓል የተማሪዎች ቲያትር ቡድን ትከሻ ላይ የሚደረብ 6 ለምድና 6 ተነፋነፍ ሱሪ አዘዘኝ። የዘንድሮ ፋሽን ቢሆን በራሴ እቆርጠው ነበር። የ1888ቱን ዘመን ልብስ ግን በግምት መቁረጥ አልፈለግኩም። ጥር 5 ፓተርኑን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የልክ ወረቀት፣ ከእናንተ አዘዝኩ፣ 1,800 ብር ከፈልኩ። በ10 ቀን ይደርሳል ያላችሁት የካቲት 9 ደረሰ። እሱን እንኳ መንገድ ነው ብዬ ዋጥኩት።

አዲስ ፓተርን ሲመጣልኝ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቼ አያለሁ። አሁን ግን የቀረኝ 14 ቀን ነበር። አምና ከእናንተ የገዛሁት የቀሚስ ፓተርን ልክ ስለነበረ አመንኳችሁ። ጥቁሩን ከፋይ ደርቤ ስድስቱንም አንዴ ቆረጥኩ።

የመጀመሪያውን ለምድ ሳለብሰው የልጁ አንገት ላይ አልገጥም አለ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይስባል፣ መቆለፊያው አይደርስም። ሱሪው ባሰ። ተነፋነፍ ከላይ ሰፋ ብሎ ባት ላይ ጥብቅ የሚል ነው። የባቱ ቁልፍ ጭራሽ አልዘጋ አለ።

ያኔ ወረቀቱን አነሳሁ። ጥጉ ላይ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ነው የሚል የታተመ ሳጥን አለ። ለካሁት፣ 9.4። በሌላ ሜትር ለካሁት፣ በማስመሪያም ለካሁት። ያው 9.4። ስታትሙት ማሽኑ ከወረቀቱ ጋር እንዲገጥም አሳንሶታል ማለት ነው። 40 መሆን ያለበት አንገት 37.6 ሆነ። 80 መሆን ያለበት ወገብ 75.2።

ሳጥኑ የተቀመጠው እንዲለካ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ፋይል አልሸጣችሁልኝም፣ ያተማችሁት እናንተ ናችሁ። ከመላካችሁ በፊት ሜትር ማስጠጋት የእናንተ ሥራ ነበር።

ከፋይ ደግሞ እንደ ጥጥ ጨርቅ አይደለም። አንዴ ሰፍተው ሲፈቱት መርፌ የገባበት ይታወቃል። ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ፣ ቅጥያው ከተገለበጠ መብራት ላይ ሌላ ቀለም ይመስላል። ስድስቱንም አንገት ፈትቼ፣ በትርፍራፊው ጠጉሩን በእጄ እየዳበስኩ ቀጠልኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ሱሪዎቹ አልዳኑም። 4,800 ብር ሌላ ጨርቅ ገዝቼ እንደገና ቆረጥኩ።

ሌላም አለ። ለምድ ድሮ ቆዳ ነበር። በሐርና በከፋይ ሲሠራም ከጫፉ የሚንጠለጠሉት ዘርፎች የቆዳውን እግሮች ያስታውሳሉ። የእናንተ ፓተርን ጫፉን ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል። እሱ አጭር ካባ እንጂ ለምድ አይደለም። የሚለብሱት ልጆች እዚሁ ከተማ ሙዚየም ገብተው የአባ ጅፋርን ዕቃ አይተው የወጡ ናቸው፣ «የድሮ» ስለተባለ ብቻ ዝም ብለው አይቀበሉም። ዘርፎቹን ራሴ ስዬ ጨመርኩ።

ስደውል ያነጋገረችኝ እህት «ሜትርሽ ተስቦ ይሆናል» አለችኝ። ከሁሉም የቆረቆረኝ ይሄ ነው። በዚህ ሜትር የሰውን ሠርግ ልብስ እሰፋለሁ። የሳጥኑን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁ። አይታችሁታል፣ እስካሁን መልስ የለም።

የፓተርኑ 1,800 ብርና የሱሪው ጨርቅ 4,800 ብር ይመለስልኝ። በምትኩ ሌላ ፓተርን አልፈልግም። ይህንኑ ፓተርን ለሌላ ልብስ ሰፊ ሸጣችሁ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ ጨርቅ ሳይቆርጥ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ደረሰኞቹንና ፎቶውን አያይዣለሁ። ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ ከፈለጋችሁ በአውቶቡስ እልክላችኋለሁ። እስከ መጋቢት 20 መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ልብስ ሰፊዋ