ዕዳው ይቅደም፣ ድርሻው ይደርሳል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን ስለ ውርስ ክርክር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ድሮ ገበሬ ሲሞት ንብረቱን ጉልበተኛ እንደሚወስደው፣ ሥርዓት የመጣው በፍርድ ቤት እንደሆነ ይነግሩናል። ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ዝም አላስባለኝም። እኔ ደብረ ማርቆስ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የስንቱን ወራሽ አቤቱታ በዚህ እጄ ጽፌያለሁ። ልጅ ሳለሁ ደግሞ የአያቴ ኑዛዜና ዕዳ በሽማግሌ ሲጣራ ጥግ ይዤ አይቻለሁ።

አያቴ ያረፉት የእርሻ ገቢ ግብር ያስነሣው የ1960ው የጎጃም አመፅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጇል። እኛ ቀዬ ግን ማን አይቶት! አያቴን ሕመሙ ሲጠናባቸው የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። ሽማግሌዎችም መጡ። ልጆቹ በሩ አጠገብ ቆሙ።

መጀመሪያ የተጠየቁት «ለማን ምን ትተዋለህ?» ተብለው አይደለም። «የማን አለብህ?» ነው የተባሉት።

አያቴም ቆጠሩ። ክረምት ላይ ከጎረቤት የተበደሩት አምስት ቁና ጤፍ አለ። የርቢ ያመጧት ላም አለች፤ ላሟ የሰው ናት፣ ከጥጃዋ ግማሹ የእኛ። ወለድ አገድ የያዙት አንድ ጥማድ መሬትም አለ፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ሲመልስ እንዲለቁለት ልጆቹን አማሉ። በመጨረሻ ከጣልያን ጊዜ የቀረ የጠገራ ብር፣ የዚያ የድሮው ከብር የተሠራ ገንዘብ፣ ዕዳ አነሡ። ስለ ርስቱ ብዙም አልተናገሩ። ርስት ያኔ የዘር ነበር፤ በአባትም በእናትም የሚቆጠር ሁሉ ይገባበት ነበር። ሟች እንዳሻው የሚያድለው ነገር አልነበረም። ኑዛዜ ማለት በሬው፣ ቀፎው፣ ጠመንጃውና ዕዳው ነበር።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሳይበተን አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ከሟች ላይ ገንዘብ ያለው፣ የሟችም ገንዘብ ያለበት፣ ዛሬ ይናገር» አሉ። የጤፉ ባለቤት ተናገረ፤ ቁናው ከኑዛዜው ጋር ገጠመ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ለአያቴ የሚሰጡት እንዳለ ተናገሩ።

የጠገራው ነገር ግን አፋጠጠ። አበዳሪው ሞቷል። ልጁ «አባቴ ያበደረው ጠገራ ነው፤ ወረቀት አልቀበልም» አለ። ጠገራ ደግሞ ያን ጊዜ ከእጅ ጠፍቷል። አጎቴም «ብር ያው ብር ነው፣ ቆጥሬ እሰጠዋለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ዝም አሰኙና «ለመሆኑ ያን ጊዜ በዚያ ብር ምን ተገዛበት?» ብለው ጠየቁ። ጊደር እንደተገዛበት የሚያስታውሱ አንዲት አሮጊት ተገኙ። ጊደር ተሰጠ፣ ነገሩ አለቀ። ዛሬ ብር አቅሙ ሲደክም የድሮ ዕዳ በስንት ይመለስ እየተባለ ሲከራከሩ ስሰማ እኒያ አሮጊት ትዝ ይሉኛል።

ሌላው ሰውዬ ያለ ምስክር መጣ። አንድ ጭነት ገብስ አበድሬያለሁ አለ። ኑዛዜው ላይ የለም። ማል ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ማለና ገብሱን ጭኖ ሄደ። ሴት አያቴ እስኪሞቱ ድረስ «ዋሽቶ ነው» ይሉ ነበር። እውነቱ ሳይታወቅ ቀረ። የድሮውን ሁሉ ጽድቅ አድርገው የሚያወሩልን ሰዎች እንዲህ ያለውን ይዘሉታል።

ተዝካሩንም ይዘሉታል። ሴት አያቴ የሰው አፍ ፈርተው፣ ዕዳው ሳያልቅ አንዲት ላማቸውን ሸጠው የአርባውን ተዝካር አወጡ። የጤፉ ባለቤት ድግሱን በላ፤ ጤፉን ግን ያገኘው በመኸር ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ይሻላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውርሱ መጀመሪያ የቀብር ወጪ ይነሣል፤ ከዚያ ውርሱን የማጣራቱ ወጪ፣ ቀጥሎ የሟች ዕዳ። የኑዛዜ ስጦታ መጨረሻ ላይ ነው። ተዝካር ከቀብር ወጪ እንደማይገባም ለይቶ ጽፏል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የተዝካርን ነገር የነገራቸው ሰው ይባረክ።

ታዲያ ሕጉም ሽማግሌውም ዕዳ ይቅደም ካሉ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው ወራሽ ምነው ድርሻውን ብቻ ያወራል? የሚያስጽፈኝ የወራሽነት ማስረጃ ጥያቄ ነው። «አባታችሁ የሰው ገንዘብ ነበረባቸው?» ስላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። «አባቴ፣ እርስዎ ምን አገባዎት? ዝም ብለው ይጻፉ» ያለኝም አለ። አበዳሪው የሚሰማው በሬው ከተሸጠ፣ ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ነው። ከዚያማ በየወራሹ ደጅ መንከራተት ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ዛሬ ሕጉ ወራሽን ከወረሰው በላይ ከኪስህ ክፈል አይለውም። ደግ ነው። ከወረሰው ላይ እንኳ መክፈል ሲያንገሸግሸው ግን ምን ይባላል?

የኑዛዜም ችግር አለ። ገጠር ዛሬም ሰው ሞት ሲቃረብ ሁለት ሰው ጠርቶ በቃሉ ይናዘዛል። ሕጉ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። 500 ብር ያኔ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ዶሮ እንኳ በቅጡ አይገዛም። «በሬዬን ለእገሌ» ብሎ የሞተ ገበሬ ቃሉ ውድቅ ነው። የተጻፈውም አያስተማምንም። አራት ምስክር ፈርሞበት፣ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የምትገልጸው መስመር ተረስታ የፈረሰ ኑዛዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ የሕግ ዓምዳችሁ እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የ500 ብሩንና የመስመሯን፣ በትልቁ ያውጣልን። እድሮች ደግሞ በሠልስቱ ቀን «አበዳሪ ካለ ይናገር» የሚል አንድ ሰው ያስነሡ። ወጪ የለውም። እኛ እድር ውስጥ ጀምረነዋል። የተቀየመን ቤተሰብ አለ፤ አንደኛው እንዲያውም ከእድሩ ወጥቷል። ማስነሣቱን ግን አልተውንም።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከደብረ ማርቆስ