የድሬን የባቡር ዘመን ትዝታ እናትርፍ፦ የድጋፍ ጥሪ

የድሬ ልጆች፣ የትም ያላችሁ፣ እንዴት ናችሁ?

ሰሞኑን የአያቴን የፎቶ ሳጥን ከፈትኩ። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ውሃ ገብቶበታል። ፎቶዎቹ ተጣብቀዋል፤ አንዱን ላላቅቅ ስል የአንድ ሰውዬ ግማሽ ፊት ከሌላው ጀርባ ላይ ቀረ። ከኋላው በፈረንሳይኛ ከተጻፈው የሚነበበው «አትሊየ» የምትለው ቃል ብቻ ናት። አያቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያ፣ የባቡር ጥገናው ውስጥ ነው።

ድሬዳዋ ቅኝ አልተገዛችም። የፈረንሳዮች ባቡር ግን ወልዷታል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድ ሆነና ከሥሩ ቆመ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ሜዳው ላይ ከተማ በቀለ፣ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከዚራ የምትባለው ሰፈር በቀጥ ያለ መንገድና በዛፍ ጥላ ተሠራች፣ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ የመጋላ ሰፈር በራሷ መልክ አደገች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር።

ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። የድሮው ጣቢያና አትሊየው አሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሕንፃው ሳይሆን ሰዉ ነው፤ የማሽኑን ዕቃ በፈረንሳይኛ ጠርተው፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አስረድተው፣ ጨዋታውን በአማርኛ የሚጨርሱልን አባቶች እያለፉብን ነው። አቦ፣ ነገ ማንን እንጠይቃለን?

ጥቂት የሰፈር ልጆች ሆነን ጀምረናል። ቤት ለቤት እየዞርን ፎቶና ወረቀት ስካን እናደርጋለን፣ ጡረተኞቹን እናናግራለን፣ ድምፃቸውን እንቀዳለን። ዋናው ፎቶ ከባለቤቱ ቤት አይወጣም። የሚያስፈልገን ስካነር፣ ጥሩ ድምፅ መቅጃ፣ የባጃጅ ሒሳብና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለት ያልነው አንዱ ቢበላሽ ሁሉም እንዳይጠፋ ነው፣ አንዴ በጎርፍ አይተነዋል።

100 ብርም ትረዳናለች። የገዛነውን ዕቃ ሁሉ ደረሰኙን እናሳያችኋለን። ጅቡቲ፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ቤተሰብ ይዞት የሄደ አልበም ካለ ፈልጉልን፤ ከገንዘቡ እኩል ነው የምንፈልገው።

የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ ብቻ፣ እባካችሁ እንደ እኔ በእጃችሁ አትላጡት። እንዳለ አቆዩልን።