ስለ ሁለት መኪና ደንባችንና ስለ መለዋወጫ ሳጥኑ ክፍያ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ወደ ዳሎል፣ ወደ ኤርታሌና ወደ ታችኛው ኦሞ አንድ መኪና ለብቻው እንደማንልክ፣ ለጉዞው ዝግጅትና ለመለዋወጫ ሳጥኑም ለብቻው እንደምናስከፍል ካስታወቅን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። «እናንተም ገንዘብ ለመዳችሁ» ያለን አለ። «ያልተነካ ዕቃ አስከፈሉኝ» ብሎ ለወዳጆቹ ያወራብንም አለ። ድንገት ሆኖባችሁ ለተቀየማችሁ ሁሉ ይቅርታ። ውሳኔው ግን አይነሳም፤ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

መኪኖቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ላንድክሩዘር፣ ባለ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ለምን ዘመናዊ አትገዙም ትሉናላችሁ። ይሄኛው ቢያኮርፍ በመፍቻ ይታረቃል፤ ዘመናዊው ግን ምርመራ ማሽን ካላየ አይናገርም፤ ዳሎል መዳረሻ ያለችው መንደር ሐመድ ኤላ ላይ ደግሞ ማሽኑ የለም። የኛው ሞተር የማይምረው አንድ ነገር ቢኖር የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ ነው። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱን አጥፍቶ መንዳት በሰፈራችን የተለመደ ነው። ቺንጋው የተበጠሰ ቀን ግን ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው በሌላ መኪና ተጭኖ ነው የሚመለሰው። እኛ መብራቱ እስኪበራ አንጠብቅም፤ ቀድመን እንቀይራለን። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው፤ ቅጠሉም ዋጋ አለው።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ? ቺንጋዎች፣ የራዲያተር ማኒኮቶ (የውኃ ጎማ ቱቦ)፣ የናፍታና የአየር ፊልትሮ፣ የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ዋና ቅጠል ከነቡሎኑ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማውን የሚያሽከረክረው)፣ ካላማዳሪያ ከነማስቲሹ። ከሳጥኑ ውጭ ሁለት ስኮርታ ጎማ እንጭናለን፤ የኤርታሌ ድንጋይ ጎማን የሚበላው ከጎኑ ነው፤ ጎኑ የተቀደደን ጎማ ደግሞ ጎሚስታም አያድነውም። ትርፍ የአየር ፊልትሮ ለምን አበዛህ ብሎ የሚስቅብኝ ሰው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አፍዴራን አመድ ካለበሳት ወዲህ አይስቅም። ከአሳሌ ጨው ሜዳ የተመለሰ መኪናም ሆዱ በንጹህ ውኃ ካልታጠበ ጨው የፍሬን ቧንቧውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ያንን እጥበት እናንተ አታዩትም፤ ሥራው ግን ሥራ ነው።

ስለ ሁለተኛው መኪና ብዙ ተብሏል። ቱርሚ አካባቢ ያለው የቃስኬ ወንዝ ደረቅ ሲሆን አሸዋው ይውጣል፤ ዝናብ ከላይ ሲጥል ደግሞ ሳይታሰብ ይሞላል። የጎማ አየር አጉድሎ መውጣት ይቻላል፤ ያልተቻለ ቀን የሚጎትት ያስፈልጋል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሁለተኛው መኪና ነው ስልካችሁ። ወደ ዳሎልማ አፋር መንገድ መሪውና ጠባቂው አብረው ይሳፈራሉ። በነሱ ላይ እናንተን፣ ውኃውን፣ የናፍታ ጀሪካኑንና ሳጥኑን በአንድ መኪና ብንጭን ባሌስትራው መሬቱን ሳያይ ይሰበራል።

ዋጋውን በተመለከተ ከእናንተ የሚደበቅ ነገር የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሶማሌ ተራ ርካሽ ሞልቷል ትላላችሁ፤ ሞልቷል፣ ፎርጅዱም ሞልቷል። ማሸጊያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በረሃ ሲገባ ነው። ስለዚህ ከዱባይ ሰው በሻንጣ እንዲያመጣልን እንለምናለን፤ አንዳንዴም ከእናንተው መካከል ውጭ የምትኖሩት አምጥታችሁልናል፤ ውለታችሁ አይረሳም።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ራሴ ብናገር አትታዘቡኝ። ጋራዥ የገባሁት መፍቻ አቀባይ ሆኜ ነው። የመጀመሪያዋን መኪና በዕቁብ ገዛኋት፤ አሁንም አለች፣ አልሸጣትም። ኮቪድ መጣ፤ በ2013 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ጀመረ፤ የመቀሌ መንገድ ተዘጋ፤ መኪኖቹ ሸራ ለብሰው ቆሙ። ሽጥና ሌላ ንገድ ያለኝ ብዙ ነው። ሾፌሮቼ በግማሽ ደመወዝ ከእኔ ጋር ቆዩ፤ እናንተም ሥራ በሌለበት ጊዜ «መንገዱ ሲከፈት ከናንተ ጋር ነን» እያላችሁ ደወላችሁ። እነዚያን ሾፌሮች ነው ያለ ሳጥን በአንድ መኪና ላካቸው የምትሉኝ።

በአንድ መኪና፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንወስዳለን የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ስም አንጠራም፤ ሁሉም እንጀራውን ነው የሚፈልገው። ከነሱ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሾፌሩን «ክሪኩን አውጥተህ አሳየኝ» በሉት።

ክፍያው ለዝግጅቱ ነው፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ቢመለስም ገንዘቡ አይመለስም። በመንገድ ላይ የሚቀየረው ዕቃ ዋጋ ግን የኛ ነው፤ ከእናንተ አንድ ብር አንጠይቅም። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትሄዳላችሁ፤ ሁለተኛውን መኪና እኛ እንችላለን። ቁጥራችሁ ያነሰ ደግሞ ቀኑን ትንሽ ካላላችሁልን ከሌላ ቡድን ጋር አጣምረን ወጪውን እናካፍላችኋለን፤ ለጥር ጉዞ ይህን የጠየቁ ስላሉ ቶሎ ደውሉልን።

ሳጥኑን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ከጉዞው በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ብቅ ይበል፤ ከፍተን አንድ በአንድ እናሳየዋለን፤ ቡናም አይጠፋም። የተቀየማችሁም ቅያሜያችሁን ለሌላ ሳይሆን ለኛው ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት