ከተማ እንሁን፤ ግን መጀመሪያ የደብተሩ ነገር ይለይለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ከአባይ ድልድይ ማዶ ነው። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች ሰፈር ናት። በወረቀት ገጠር ቀበሌ ትባላለች፤ በዓይን ለሚያያት ግን ከተማ ሆናለች። ስሟን አልጽፍም። ነገሩ ገና በዕድር ስብሰባ እየተሟሟቀ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ሆድና ጀርባ መሆን አልፈልግም። ክርክሩ ማዘጋጃ ቤት ይቋቋምልን ብለን እንጠይቅ ወይስ በገጠር ቀበሌነታችን እንቀጥል የሚል ነው። "ከተማ ከሆንን በግብር ያራቁቱናል" የሚሉት ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። እኔ ከተማ እንሁን ባይ ነኝ፤ ግን መጀመሪያ የገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ነገር ይለይለት።

የግብሩን ወሬ ላስቀድመው። አዎ፣ ይጨምራል። የቦታ ኪራይና የጣሪያ ግድግዳ ግብር ይመጣል፣ የቆሻሻ ማንሻ ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ዓይኑ የከተማ ቤትና ቦታ ላይ ነው፤ ዛሬ ባይደርስብን ነገ ይደርስብናል። ግን አሁንስ የማይከፍል ማን አለ? እኛ ጋ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው መብራት የሚጠቀመው። ሽቦው በባሕር ዛፍ አጣና ተንጠልጥሎ ከአጥር አጥር ይዘላል፤ ክረምት ሲገባ አጣናው ይዘምና ገመዱ ልብስ ማስጫ እስኪመስል ይወርዳል። ባለቆጣሪው "ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለምጣድ ይህን ያህል" ብሎ ይቆርጣል፤ ምጣድ የምንጥድበትን ቀን ሳይቀር የሚወስነው እሱ ነው። ደረሰኝ የለ፣ አቤት የሚባልበት የለ። (በነገራችን ላይ የጣና ውሃ በለስ ላይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። እኛ ጣና አፍንጫችን ሥር ሆኖ እንጀራ የምንጋግረው በተራ ነው።) ውሃውም ያው ነው። ጀሪካን በባጃጅ ተጭኖ ይመጣል፣ ዋጋውን ባለባጃጁ ያወጣል። ለገረጋንቲ መዋጮ፣ ለቦይ መዋጮ፣ ለሌሊት ጥበቃ መዋጮ። ይህ ሁሉ ግብር ካልሆነ ምንድን ነው? ገንዘቡ የት ገባ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ብቻ ነው የሌለው።

የገጠር ቀበሌ የራሱ በጀት የለውም። ሁሉም ነገር ወረዳ ነው። ወረዳው ደግሞ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ጣጣ አለበት፤ የእኛ የቦይ ጥያቄ ለእሱ ቅንጦት ነው፣ አልፈርድበትም። ማዘጋጃ ቤት ቢኖረን ግን ገቢው እዚሁ ተሰብስቦ እዚሁ ይውላል፣ ፕላን ይወጣል፣ ቢያንስ በሩ የሚታወቅ ቢሮ ይኖራል።

"ለምን ባሕር ዳር አትጠቀልለንም?" የሚሉም አሉ። ጢስ ዓባይ፣ መሸንቲና ዘጌ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸውና ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እኔን ግን አይጥመኝም። ትልቅ ከተማ መጀመሪያ መሃሉን ነው የሚያየው፤ ጠርዝ ላይ ያለው ሰው ግብሩን ከሁሉም እኩል ይከፍላል፣ አስፋልቱ ግን ተራው ሲደርስ ነው።

መስፈርቱን እናሟላለን ወይ ለሚለው፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ማዘጋጃ ቤት የሌለው ቦታ ከተማ ለመባል 2000 ነዋሪ ይፈልጋል፤ ከሠራተኛው ግማሹ ደግሞ ከግብርና ውጪ መሆን አለበት። 2000ውን ድሮ አልፈነዋል። ግማሹ ላይ ነው ፀቡ። ጎረቤቴ ጠዋት ባሕር ዳር ግንባታ ላይ ይውላል፣ ማታ መጥቶ በሞተር ጫቱን ያጠጣል። እሱን ገበሬ እንበለው ግንበኛ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ፌስታሉን ፈቱ፣ ውስጡ ሌላ ፌስታል። ከዚያ ደብተሩ ወጣ፤ የእሳቸውና የባለቤታቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። "ይኼሳ ምን ሊሆን ነው?" አሉ። ሰብሳቢው "እሱ በሂደት የሚታይ ነው፣ አባባ" አለና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

በሂደት የሚታይ አይደለም! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት ሰጥቶታል። ከተማ ውስጥ ግን መሬት በሊዝ ነው፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ ቦታ) እንኳ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ያደርጋል። የእርሻ መሬት ለልማት ሲፈለግ ደግሞ ካሳ አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1161 መሠረት፣ ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል። ከድሮው ይሻላል፤ የቀድሞው የአምስት ዓመት አማካይ ወስዶ በ10 ነበር የሚያባዛው። ግን አስቡት፤ በ15 ዓመት ምርት የተከፈለበት መሬት በማግስቱ ለመኖሪያ ቤት ለ99 ዓመት በሊዝ ይወጣል። ደግሞስ የጫቱን ገቢ ማን መዝግቦታል? ሁሉም በእጅ በእጅ ነው የሚሸጠው። ግምቱ ሲሠራ ወረቀት የሌለው ሰው የተባለውን ይቀበላል።

"እንግዲያው ገጠር ሆነን እንቅር" ማለትም አያድንም። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ደላላ በሰፈራችን እንደ ጉድ ነው የሚርመሰመሰው። ገበሬው "ከተማ ሊሆን ነው፣ ሊወሰድብህ ነው" ሲባል ይደነግጣል፣ ማሳውን ቆርሶ በማይረባ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ሌሊቱን ጨረቃ ቤት ያቆማል። ከዚያ ዶዘር ይመጣል፤ ገበሬው መሬቱንም ካሳውንም ያጣል፣ ገዢው ገንዘቡን። ማዘጋጃ ቤት ኖረም አልኖረም ባሕር ዳር እየመጣች ነው።

ስለዚህ የፊርማው ወረቀት በሬ ላይ ሲደርስ እፈርማለሁ፤ ግን ማመልከቻው ላይ ስለ ደብተሩ በግልጽ ከተጻፈ ነው። የእያንዳንዱ ባለደብተር ማሳና የዓመት ገቢ ከአሁኑ ተመዝግቦ ኮፒው እጁ ይግባ። ያው አዋጅ 1161 ባለይዞታው አቅሙ ካለው ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ ለብቻውም በጋራም። ይህን የሚያውቅ ገበሬ እኛ ጋ አላጋጠመኝም፤ በስብሰባ ይነገር። ለዚህ ጥያቄ የቆመው ኮሚቴም ይስተካከል። አሁን የሞላነው ባለሱቅና ቤት አከራይ ነን፣ ባለደብተር አንድ ሰው ብቻ ነው። ቢያንስ ግማሹ ከነሱ ይሁን፤ ሴቶቹም ይግቡበት፣ ደብተሩ ላይ ፎቷቸው አለ።

ከአባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር