መደምደሚያ ሁልጊዜ በመጨረሻ አይገኝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፣

በአሜሪካና በካናዳ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ለሚዘጋጁ ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን የምክር ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ኤልሳት ስለሚባለው የመግቢያ ፈተና በአማርኛ መጻፋችሁ ብቻውን የሚያስመሰግን ነው፤ አብዛኛው ምክርም ትክክለኛና ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም የአንድን ሙግት፣ ማለትም በምክንያት ተደግፎ የቀረበ ሐሳብ፣ መደምደሚያ ለማግኘት የአንቀጹን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መመልከትና «ስለዚህ» የሚለውን ቃል መፈለግ እንደሚበቃ የሚገልጸው ክፍል ብዙ ተማሪዎችን ሲያሳስት ስላየሁ፣ እኔም ራሴ ፈተናውን መጀመሪያ በወሰድኩበት ጊዜ በዚሁ ምክር ስለተጎዳሁ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጉዳዩ ጥቃቅን እንዳይመስል የፈተናውን ሁኔታ ባጭሩ ላስታውስ። ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ ውጤቱ ዛሬ ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ ይገለጻል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ወዲህ የሎጂክ ጨዋታ እየተባለ ይታወቅ የነበረው ክፍል ቀርቶ፣ ነጥብ የሚያዝባቸው ክፍሎች ሦስት ሆነዋል፤ ከእነዚህም ሁለቱ የአመክንዮ፣ አንዱ የንባብ ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው ጊዜ 35 ደቂቃ ነው። በአንድ የአመክንዮ ክፍል ውስጥ 25 ያህል ጥያቄዎች ስለሚቀርቡ፣ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ፈተናው ምንም ዓይነት የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚመዝነው ተፈታኙ አንድ ሰው ምን እንዳለና ለምን እንዳለ ለይቶ ማየት መቻሉን ነው። እንግዲህ መንደርደሪያውን፣ ማለትም ለድጋፍ የቀረበውን ምክንያት፣ ከመደምደሚያው ያልለየ ተፈታኝ ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች በሁለቱ ላይ ገና ከመነሻው መሠረት አጥቷል ማለት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው፣ በእኔ እምነት፣ ከራሱ ከቃሉ ነው። «መደምደሚያ» ስንል አንድ ነገር የሚያልቅበትን ስፍራ እናስባለን፤ በትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍም መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብለን መደምደሚያውን ከግርጌ ማስቀመጥ ተምረናል። በሙግት ትንተና ግን ቃሉ ስፍራን ሳይሆን ሥራን ያመለክታል። መደምደሚያ ማለት ተናጋሪው እንድንቀበለው የሚፈልገውና ሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ሊደግፉት የቆሙለት ሐሳብ ነው፤ መንደርደሪያ ደግሞ ለዚያ ሐሳብ ድጋፍ ሆኖ የቀረበው ነው። መደምደሚያው በአንቀጹ መጀመሪያ፣ በመካከል ወይም በመጨረሻ ሊገኝ ይችላል። የቋንቋችን አወቃቀርም ለዚህ ስህተት ይጋብዛል። «ጎርፉ ድልድዩን ስለወሰደው መንገዱ ተዘግቷል» ስንል ምክንያቱ ይቀድማል፣ ዋናው ነገር ከማሰሪያ አንቀጹ ጋር በመጨረሻ ይመጣል፤ ስለዚህ ጆሯችን እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መጠበቅን ለምዷል። በእንግሊዝኛ ግን ጸሐፊው ዋና ሐሳቡን በመጀመሪያው መስመር ተናግሮ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ መዘርዘሩ እጅግ የተለመደ ነው።

ይህን በምሳሌ ላሳይ። ባለፈው ወር ለፈተናው የምትዘጋጅ አንዲት ተማሪ የሚከተለውን አጭር አንቀጽ እንድትተነትን ጠየቅኳት፦ «የከተማው አስተዳደር የአውቶቡስ ታሪፍ መቀነስ አለበት። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሳፋሪው ቁጥር ክፉኛ አሽቆልቁሏል፤ ታሪፍ የቀነሱ ሌሎች ከተሞች ግን ያጧቸውን ተሳፋሪዎች መልሰው አግኝተዋል። ስለዚህ ታሪፉ ቢቀነስ ተሳፋሪዎቹ ይመለሳሉ።» ተማሪዋ አንድም ጊዜ ሳታመነታ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በኮምፒውተሩ ማድመቂያ ቢጫ አደረገችው፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል አለበትና። እኔም ትክክል ነሽ ወይም ተሳስተሻል ሳልላት፣ «እሺ፣ ተሳፋሪዎቹ ይመለሱ፤ ታዲያ ተናጋሪው ይህን የሚነግረን ምን እንዲደረግ ፈልጎ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ጥቂት ዝም አለች፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተመለሰና «እንዴ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ነዋ!» አለች።

ከዚያ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እያገላበጥን በ«ምክንያቱም» አገናኘናቸው። «ታሪፉ መቀነስ አለበት፤ ምክንያቱም ቢቀነስ ተሳፋሪዎቹ ይመለሳሉ» የሚለው ያስኬዳል። «ታሪፉ ቢቀነስ ተሳፋሪዎቹ ይመለሳሉ፤ ምክንያቱም ታሪፉ መቀነስ አለበት» የሚለውን ግን ጮክ ብላ ስታነበው ጆሮዋ ራሱ አልተቀበለውም። በዚህ አንቀጽ ውስጥ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ንዑስ መደምደሚያ ነው፤ የሌሎቹ ከተሞች ተሞክሮ እሱን ይደግፋል፣ እሱ ደግሞ በተራው ዋናውን ይደግፋል። ይህ ድርብ ሥራው ነው ተፈታኞችን የሚያወናብደው። ዋናው መደምደሚያ የቱ እንደሆነ በሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይ፣ ከአምስቱ አማራጮች መካከል አንዱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ንዑስ መደምደሚያ በሚያምር ቋንቋ መልሶ የሚያቀርብ ወጥመድ ሆኖ ይገኛል። ትክክለኛው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንቀጹ ቃላት ሳይሆን በሌላ አነጋገር ስለሚቀርብ፣ ቃል ከቃል እያመሳሰለ የሚፈልግ ተማሪ አጠገቡ ደርሶ ያልፈዋል።

ጠቋሚ ቃላት ጭራሽ አይጠቅሙም እያልኩ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃላቱ የሚያመለክቱት ነገር እንደ አገባባቸው ይለያያል። የራሳችንን «ስለዚህ» እንመልከት፦ «ስለዚህ ጉዳይ ተነጋገርን» ስንል ምንም የምንደመድመው ነገር የለም፤ «ስለዚህ ተለያየን» ስንል ግን ቃሉ ውጤትን ያመጣል። በእንግሊዝኛም «ሲንስ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ «ስለሆነ» ማለት ሲሆን ሌላ ጊዜ «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ» ማለት ነው። እኔ በተማርኩበት የፈተና ማዘጋጃ ኮርስ የእነዚህ ቃላት ዝርዝር በካርድ ታትሞ ተሰጥቶን ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እያጠናሁ በቃሌ ያዝኩት። ፈተናው ላይ ግን ምንም ጠቋሚ ቃል የሌለባቸው አንቀጾች ሲገጥሙኝ የምይዘውና የምጨብጠው አጣሁ። ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል፤ የጎደለኝ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ቃል አልነበረም፣ የትኛው ሐሳብ የትኛውን እንደሚደግፍ መጠየቅ ነበር።

ስለሆነም ተማሪዎች ከቃላት ዝርዝር በፊት አንድ ጥያቄ እንዲለምዱ እመክራለሁ፤ እሱም «ለምን?» የሚለው ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመው «ይህን ለምን ልመን?» ብለው ይጠይቁ። አንቀጹ መልስ የማይሰጥበት፣ እንዲያው ተቀበሉኝ ብሎ የቀረበ ሐሳብ ለሌላው ድጋፍ ከሆነ መንደርደሪያ ነው። መልስ የሚሰጥበት፣ እሱ ራሱ ግን ለሌላ ሐሳብ መልስ የማይሆነው ዋናው መደምደሚያ ነው። ሁለቱንም የሚያደርገው ንዑስ መደምደሚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ አዝጋሚ ይመስላል፤ እየለመዱት ሲሄዱ ግን ከንባቡ ጋር አብሮ የሚሄድ ልማድ ይሆናል። ጊዜ ሳይቆጥሩ መጀመርን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ገና ሳይለዩ መፍጠን ስህተትን ማፍጠን ብቻ ነውና።

ጽሑፋችሁ ያልነካው ሌላም ነገር አለ፤ እሱም በሙግትና በማብራሪያ መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ድልድዩ የፈረሰው ብረቱ ስለዛገ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሙግት አይደለም። ድልድዩ መፍረሱን ሁሉም ያውቃል፤ ተናጋሪው እንዴት እንደፈረሰ ነገረን እንጂ መፍረሱን ሊያሳምነን አልሞከረም። ነገር ግን «በስብርባሪው ላይ ብረቱ እስከ ውስጡ የዛገ ሆኖ ተገኝቷል፣ በአደጋው ዕለትም ከባድ ጭነት አልነበረም፤ እንግዲያው ያፈረሰው ዝገቱ ነው» ቢለን፣ አሁን መንስኤው ራሱ የሚያከራክር ሐሳብ ሆኖ በማስረጃ ተደግፏልና ሙግት ሆኗል። ቃላቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ያልተረጋገጠው ነገር የቱ እንደሆነ በመጠየቅ ነው። «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገርም ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ሊቃወመው ያመጣው የሌሎች አስተያየት እንጂ የእሱ አቋም አይደለም፤ አቋሙ «ይሁን እንጂ» ካለ በኋላ ይፈለግ።

ይህን ሁሉ የምለው ዋናው መደምደሚያ የቱ ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ብቻ አይደለም። ያልተነገረውን ግምት ፈልጉ፣ ሙግቱን የሚያዳክመውን ምረጡ፣ ስህተቱን አሳዩ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚቆሙት በመንደርደሪያውና በመደምደሚያው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። በአውቶቡሱ ምሳሌ ተናጋሪው ሳይናገረው ያለፈው፣ ከተማው ከሌሎቹ ከተሞች ጋር በዋናው ነገር እንደሚመሳሰል ነው፤ ተሳፋሪዎቹ መመለሳቸውም ለገቢው መጉደል እንደሚያካክስ እንዲሁ በዝምታ ወስዶታል። ተማሪዬ ቢጫ ቀለሙን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አንስታ ወደ መጀመሪያው ስታዛውር፣ ሁለተኛውን ግምት ያለማንም እርዳታ አገኘችው። የመጨረሻውን መደምደሚያ አድርጋ ብትቀጥል ኖሮ ስለ ገቢ የሚነሳ ጥያቄ እንዳለ እንኳ አይታያትም ነበር።

ክቡር አዘጋጅ፣ ለፈተናው ቀን የቆረጡ አንባቢዎቻችሁ በዚያው ምክር እየተለማመዱ ስለሆነ፣ ያ የጽሑፉ ክፍል በሚቀጥለው ዕትም እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ። ቦታ ከተገኘም ከላይ ያለው የአውቶቡስ አንቀጽ ያለ መልሱ ቢታተምና መልሱ በሳምንቱ ቢወጣ፣ ተማሪዎቹ በራሳቸው ሞክረው ለመድረስ ጊዜ ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ