በሠርጉ ምስክር ሆናችሁ ለፈረማችሁ ሁሉ

ለድሬዳዋ ከዚራ ጎረቤቶቻችን፣ ለዕድራችን አባላት፣ ለሁለቱ ወገን ቤተሰቦችና ሽማግሌዎች፤

በጥር መጨረሻ የተደረገው የልጆቻችን ሠርግ ያማረው በእናንተ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን። ብዙዎቻችሁ እኛ የምንከተለው ኩዌከር የሚባል የክርስትና እምነት መኖሩን የሰማችሁት ጥሪው ሲደርሳችሁ ነበር። ቄስ የለም፣ ፓስተር የለም፣ መዝሙርም የለም ስትባሉ «ታዲያ ማን ሊያጋባቸው ነው?» አላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የእምነታችን መሥራች ጆርጅ ፎክስ በ1669 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ የሚያጋባው እግዚአብሔር ነው፣ እኛ ምስክሮች ነን። ቁጭ ብላችሁ ባትሰሙና ባትፈርሙ ኖሮ ሠርጉ ጎደሎ ይሆን ነበር።

ሽማግሌዎቹን እናስቀድም። በእኛ ሥርዓት ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ጉባኤው ከመረጣቸው ሦስት አራት አባላት ጋር ተቀምጠው ይነጋገራሉ፦ ገንዘብ በማን እጅ ይሆናል፣ ወላጆችን ማን ይጦራል፣ ጠብ ሲመጣ ለማን ይነገራል። ከዚያ ጉዳዩ ለጉባኤው ይቀርባል። ድምፅ አይሰጥም፤ ጸሐፊው የተደረሰበትን እዚያው ጽፎ ያነባል፣ የአንድ ሰው ልብ እንኳ ካልተቀበለው ለሚቀጥለው ወር ያድራል። ለሽምግልና ይህ ከባድ ነው። ሽማግሌ ቤተሰብ «እንመካከርበት» ሲል ለምዷል፤ ቤተሰብ ፈቅዶ ጉባኤ ሲያቆየው ግን ግራ ይገባዋል። ቅር ሳይላችሁ ደግማችሁ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። ሙሽሮቹ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲቀርቡ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የመሰከራችሁት አራታችሁም፣ ሥራችሁን ትታችሁ መምጣታችሁን አንረሳም።

ኬንያ የኖራችሁ እንግዶች «እዚያ ያሉት ኩዌከሮች ይዘምራሉ፣ ፓስተርም አላቸው» ያላችሁት እውነት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት ዓመት፣ በ1902 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት አሜሪካውያን ምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ ላይ ሚሲዮን ከፈቱ፤ ዛሬ ከየትኛውም አገር ይልቅ ኩዌከር የበዛው ኬንያ ውስጥ ነው። የእኛ ስብሰባ በእንግሊዝ አገር የተጀመረውን የዝምታ ሥርዓት ይከተላል።

ድንኳን ተካዮች፣ ወንበሩን እንደ ልማዱ በረድፍ ወደ መድረክ ካዞራችሁት በኋላ እንደ ገና በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ስታደርጉት አላጉረመረማችሁም። መድረክ ካለ ሰው ሰባኪ ይጠብቃል፣ ዝምታውም የመጠበቂያ ጊዜ ይመስለዋል። ሸራውን በሁለት ጎን ከ3 ሰዓት ጀምሮ መጠቅለላችሁም ትክክል ነበር፤ በታፈነ ድንኳን አንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ዘበት ነው። ጄኔሬተሩን ግቢያችሁ ያስገባችሁልን ጎረቤት፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ክላክስ ያላሰማችሁ ሾፌሮች፣ ውለታችሁ አለብን። ሰዓቱ ከ4 እስከ 5 የሆነው የዙህር አዛን ከመድረሱ በፊት ወደ መስጊድ የምትሄዱት እንዳትጣደፉ ነው።

ዝምታው የሚጀምረው የመጀመሪያው ሰው ሲቀመጥ ነው። ለእንግዳ ግን ይህ ስለማይበቃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሁለት ሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ተሰጠ፤ ወጣቶቹ ማሳጠራችሁ ትልቅ ነገር ነው። ልቡ የተነሣሣ ይቆማል፣ አጭር ተናግሮ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለው ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን አንድ አባት መርቆ ሲቀመጥ ሌላው ካልቀጠለ ነውር ይመስላል፤ ምርቃቱ ከተያያዘ ደግሞ ሙሽሮቹ ቃል የሚገቡበት ጊዜ አይተርፍም። አባቶቻችን ምርቃቱን ከምሳ በኋላ ለማድረግ ተስማማችሁልን። ከምሳ በኋላም አልሰሰታችሁም!

ልጆቹ ከመጀመሪያው 15 ደቂቃ በኋላ ወደ ጎረቤት ግቢ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ሙሽሮቹ ያለ ቀስቃሽ ተነሥተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በምድር እስካሉ ድረስ በእግዚአብሔር ረድኤት አፍቃሪና ታማኝ ለመሆን በየተራ ቃል ገቡ። ሙሽራው እንደ ጨረሰ እልልታው ቀለጠ፤ የሙሽሪት ቃል ገና ነበር። እልልታ አይከለከልም። እርሷ ግን ድምፅ ለመሻማት ብትሞክር ኖሮ ምስክሮቹ ያልሰሙትን ሊፈርሙ ነበር፤ ስለዚህ ቆማ ጠበቀች። ከኋላ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዙሪያቸውን በዓይን ብቻ ጸጥ አሰኙ። ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ዕድሜ ይስጥልን።

የምስክር ወረቀቱ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከላይ የሙሽሮቹ ቃል፣ ከሥሩ ሦስት ዓምድ መስመር። ከምሳ በፊት የተፈረመው ከምሳ በኋላ እጅ ቅባት ስለሚነካውና ሰውም መበተን ስለሚጀምር ነው። ጄል እስክርቢቶ ሳይደርቅ የሚቀጥለው ሰው መዳፍ ያበላሸዋል፤ ተራው ቢክ ይሻላል። ነፋሱ አቧራ ይዞ ሲነሣ ወረቀቱን የያዙት ከወጥ ቤት የመጡ ሁለት ዘነዘናዎች ናቸው። ስሙን በዓረብኛ የሚጽፍ ከቀኝ ስለሚጀምር ቀኙ ዓምድ ተተወለት፤ መሐል ላይ ቢሆን በላቲን ወይም በግዕዝ ፊደል ከተጻፈው ጋር ይጋጭ ነበር። የአሻራ ቀለምም ቀርቦ ነበር፤ ጎኑ ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ካልቆመ ግን አሻራው የማን እንደሆነ ነገ አይታወቅም። ይህን ሥራ ፀሐይ ላይ ቆሞ የጨረሰው የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ልጆችም ይፈርማሉ፤ አንዷ ከስሟ አጠገብ ድመት ሥላለች፣ እንዳለች ትቆያለች።

ወጥ ቤቱን ለሁለት የከፈላችሁ እናቶችና እህቶች፣ የሙስሊሙ ሥጋና የክርስቲያኑ ሥጋ በየድስቱ፣ በየጠረጴዛው ሆኖ ማንም ሳይጠራጠር በላ። ሁልጊዜ የሚቀያየረው ጭልፋ ነውና እጀታው ላይ ቀይ ክር ማሰራችሁ ብልሃት ነው። ጠጅና ቢራ ባለመኖሩ ያዘናችሁ እንግዶች ለትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን። ባለ 200 ሊትር በርሜሎቹን በዋዜማው ሞልታችሁ ያሳደራችሁም እንዲሁ። በደስታችሁ ቀን ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃን።

አንድ መሶብና ሁለት ፔርሙዝ ባለቤት እየጠበቁ ነው። ሳትፈርሙ የሄዳችሁ፣ በግራው ዓምድ ግርጌ ቦታ አለ፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ እሑድ ከ5 ሰዓት በኋላ ኑና ፈርሙ። ከዚያ በኋላ መስታወት ይገባበታል።

በድሬዳዋ ከዚራ በዝምታ የምንሰበሰብ ኩዌከሮች