በቧንቧ ውኃ ብቻ የተፈተሸ ሸክላ አፈር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የደፋችበት ቆሼ ከሥሩ ፍሳሽ ወደ መሬት እንዳይሰርግ የሚያግድ ንጣፍ ስላልነበረው፣ ስለ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ በተነሣ ቁጥር «ወለሉ በሸክላ አፈር ይጠቅጠቅ» መባሉ ተገቢ ነው። ቅሬታዬ ግን አፈሩ በምን ዓይነት ውኃ እንደተፈተሸ የሚጠይቅ እምብዛም አለመኖሩ ነው።

የአሜሪካ ደንብ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ሥር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ አፈር እንዲኖርና የውኃ ማሳለፍ መጠኑ በሰከንድ ከሴንቲ ሜትር አንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ብዙ አፈር ይህን መስፈርት በቧንቧ ውኃ ሲፈተሽ ያልፋል፤ ከቆሻሻ የሚወጣው ፍሳሽ ግን ጨዋማ ነው።

የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ሶዲየምና ውኃ ስበው ስለሚያብጡ በመካከላቸው ያለውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ጨው የበዛበት ፍሳሽ ሲደርስባቸው በዙሪያቸው ያለው የውኃ ልባስ ይሳሳል፤ ቅንጣቶቹ ተጓጉለው ይሰባሰባሉ፤ በመካከላቸውም መተላለፊያ ይከፈታል። ካልሲየም ደግሞ ከሶዲየም የበለጠ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ሶዲየሙን አስለቅቆ ቦታውን ስለሚይዝ እብጠቱን ይቀንሰዋል። ቤንቶናይት የተባለው በጣም የሚያብጥ የሸክላ አፈር ዓይነት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ፣ «ብዙ የሚያብጥ አፈር ምንጊዜም የተሻለ ነው» የሚለውን እምነት ሊያስጠረጥረን ይገባል። (በአንጻሩ ጨው ባነሰበት ውኃ ሶዲየም ቅንጣቶቹን በትኖ መተላለፊያውን ሊያጠብ ይችላል፤ ውኃ አላሰርግ ብሎ ገበሬን የሚያስመርረው ነገር ለንጣፍ ሊጠቅም መቻሉ ነው።)

ጉዳዩ በተለይ ለእኛ የሚያሳስበው በ2010 ዓ.ም በረጲ የተመረቀውን ዓይነት ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል የሚያመነጭ ተቋም ስላለን ነው። የእንዲህ ያለ ተቋም አመድ፣ በተለይም ከጭሱ የሚጣራው ደቃቁ፣ ክሎራይድና ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ዝናብ ሲያጥበው የሚወጣው ፍሳሽ ለሸክላ አፈር ከባድ ፈተና ነው።

በአቅራቢያችን የሚገኘው ዋልካ አይረባም ማለቴ አይደለም። በአግባቡ የተጠቀጠቀና አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ የራሰ አፈር ደረቅ ሆኖ ጨው ከሚያገኘው የተሻለ ይቋቋማል፤ ከላይ የሚጫነው የቆሻሻ ክብደትም ያግዘዋል። ይሁንና ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ንጣፉ ተሠርቶ ሳይሸፈን መቆየት የለበትም።

ስለዚህ የጨረታ ሰነዶች የመፈተሻውን ፈሳሽ ዓይነት በግልጽ እንዲያስቀምጡ፣ ፍተሻውም ከናሙናው የሚወጣው ፈሳሽ የጨው መጠን ከሚገባው ጋር እስኪስተካከል ድረስ እንዲቀጥል እጠይቃለሁ። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ተቋራጩ አይወደውም። አመዱም ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው በተዘጋጀ ጉድጓድ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአፈር መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ